ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ፈታ ወይስ ጋብቻውን አፈረሰ? (ፍቺ፣ ዋርሳ፣ መበለት፣ ራስ)

ጠያቂ (ተርጓሚ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የአውሮፓ ታሪክ እየተረጎምኩ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ላይ ደርሻለሁ። የተለመደው አባባል "ንጉሡ ሚስቱን ልፍታ ቢል ፖፑ ስለከለከለው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተለየ" የሚል ነው። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ "ሄንሪ ፍቺ አልጠየቀም" ብሎ ድርቅ አለ። ፍቺ ካልሆነ ምን እንበለው? "ማፍረስ" ይበቃል? ታሪኩንም ቋንቋውንም የምታውቁ እርዱኝ።

የታሪክ መምህር፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ ድርቅ ያለው በቦታው ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በፍቺ የሚያበቃው የነበረ ጋብቻ ነው። ሄንሪ ግን ከስፔን ልዕልት ከአራጎኗ ካትሪን ጋር ከ1509 ጀምሮ የኖረው ኑሮ ከነጭራሹ ጋብቻ እንዳልነበረ ይፈረድልኝ ነው ያለው። ጉዳዩ በ1527 ሲነሳ ከተጋቡ 18 ዓመት ሊሆናቸው ነው። ከወለዷቸው ልጆች የተረፈችው ሜሪ ብቻ ስትሆን 11 ዓመቷ ነበር።

ለምን እንዲህ ያለ ጥያቄ አነሳ? ለአማርኛ አንባቢ በሰማንያና በቁርባን ማስረዳት ይቻላል። ሰማንያ ይቀደዳል፤ በቁርባን የተጋቡትን ግን ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም ይባላል። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ጋብቻን የምታየው በዚህ በሁለተኛው ዓይን ነበር። በሕግ የጸና ጋብቻ ከሆነ ንጉሥም ይሁን ገበሬ አይፈታም። ስለዚህ ሄንሪ አን ቦሊንን አግብቶ ወንድ ወራሽ እንዲያገኝ የቀረችለት መንገድ አንዲት ናት፤ የመጀመሪያው ጋብቻ ከመነሻው አልጸናም ማስባል።

ለዚህ የሚሆን ነገር አላጣም። ካትሪን መጀመሪያ ያገባችው ታላቅ ወንድሙን አርተርን ነበር። በኖቬምበር 1501 ለንደን ላይ ተዳሩ፤ አርተር በኤፕሪል 1502 ገና በ15 ዓመቱ ሞተ። እዚህ ላይ አማርኛ የታደለ ቋንቋ ነው፤ "ዋርሳ" የሚል ቃል አለን። የባል ወንድም ማለት ሲሆን ከ"ወረሰ" ጋር ይዛመዳል፤ የውርስ ጋብቻ በነበረበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሟችን ሚስት የሚወርሰው እሱ ነውና። ለካትሪን ሄንሪ ዋርሳዋ ነበር። "የባሏ ወንድም" ብለሽ ከምታልፊ "ዋርሳ" ብትዪ አንባቢሽ ክርክሩ ውስጥ በአንድ ቃል ይገባል።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 20፥21 የወንድሙን ሚስት ማግባት ርኩሰት መሆኑን፣ እንዲህ ያደረጉትም ያለ ልጅ እንደሚቀሩ ይናገራል። ኦሪት ዘዳግም 25፥5 ደግሞ ወንድም ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ዋርሳው መበለቲቱን እንዲያገባ ያዝዛል። ሄንሪ የመጀመሪያውን ያዘ። ሜሪ በሕይወት ስላለች "ያለ ልጅ" የሚለውን "ያለ ወንድ ልጅ" ብሎ ተረጎመው፤ በጃንዋሪ 1511 የተወለደው ልዑል ሁለት ወር ሳይሞላው መሞቱ እንደ መለኮት ፍርድ ሆኖ ታየው። የካትሪን ወገን ሁለተኛውን ያዘ። ካትሪን ራሷ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር ተናገረች፤ አርተር ሳይነካኝ ነው የሞተው አለች።

በዚህ መሐል አንዲት የላቲን ቃል አለች፤ ቋንቋ ለምንወድ ሰዎች ከምዕራፉ ሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት። ፖፕ ዩልዮስ 2ኛ በ1503 ለሄንሪና ለካትሪን ልዩ የጋብቻ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የአርተርና የካትሪን ጋብቻ "ምናልባት" በግብረ ሥጋ ተፈጽሞ ሊሆን እንደሚችል ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ቃሏ "ፎርሳን" ናት። ከ25 ዓመት በኋላ የሁለት አገር ሊቃውንት በዚህች "ምናልባት" ተናነቁ። ስፔን የነበረው ሌላው የፖፑ ደብዳቤ ሲወጣ "ምናልባት" የለችበትም፤ ተፈጽሟል ብሎ ነው የሚናገረው። የሄንሪ ሰዎች ሐሰተኛ ነው አሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሄንሪ "ያ ፈቃድ ዋጋ የለውም" ሲል፣ የእግዚአብሔርን ሕግ ፖፕም ቢሆን ሊያነሳ አይችልም ማለቱ ነው። ፖፕ ክሌመንት 7ኛ እሺ ቢሉ ከሳቸው በፊት የነበሩት ፖፕ ከሥልጣናቸው አልፈዋል ብለው መፍረድ ሊኖርባቸው ነው። "ፍቺ" ብለሽ ከጻፍሽው ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ተማሪው የሚያየው የሚስት ጥያቄ ብቻ ይሆናል፣ ከሥልጣን ጥያቄ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ይሰበራል።

"ስለከለከለው" የሚለውም ይታረም። ክሌመንት ቶሎ አልከለከሉም፤ ሲያዘገዩ ነው የኖሩት። የካትሪን የእህት ልጅ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጦሩ በሜይ 1527 ሮምን ዘርፎ ፖፑን በቅዱስ መልአክ ምሽግ ከብቧቸዋል። ከዚያ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን አክስት የሚያዋርድ ብይን መስጠት እንዴት ይቻላል? ጋብቻው የጸና ነው ብለው የፈረዱት በማርች 1534 ነው። ያኔ ሄንሪ አንን ካገባ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

የሕግ ተማሪ፦

ስለ "ማፍረስ" ላክልበት። በእኛ የቤተሰብ ሕግ "መፍረስ" ጠቅላላ ስም ነው። በተሻሻለው ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ጋብቻ በሞት ይፈርሳል፣ በፍቺም ይፈርሳል፣ መሠረታዊ ሁኔታዎቹ ሳይሟሉ የተፈጸመ ከሆነም በፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈርሳል። የሄንሪ ጉዳይ ለሦስተኛው ይቀርባል፤ ግን አንድ አይደለም። በእኛ ሕግ ያ ጋብቻ እስኪፈርስ ድረስ ቆሞ ነበር። በሮም ሕግ ግን ፍርድ ቤቱ ምንም አያፈርስም፤ ያልቆመ መሆኑን ነው የሚናገረው። ያልተሠራ ቤት ደግሞ አይፈርስም። ስለዚህ ለውል የምንጠቀምበትን አነጋገር ተውሰሽ "ጋብቻው ከመነሻው ፈራሽ ነው ተብሎ ተፈረደ" ብትዪ "ከመነሻው" የምትለው ቃል ሸክሙን ትወስድልሻለች።

የታሪክ መምህር፦

ግሩም ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በዚያው መሠረት ሄንሪ በስድስት ጋብቻ ውስጥ አንዲት ሚስት እንኳ አልፈታም። ሦስቱ፣ ማለትም የካትሪን፣ የአን ቦሊንና የክሌቭሷ አን፣ ከመነሻው ፈራሽ ተባሉ። የአን ቦሊን ደግሞ የሚያስጨንቅ ነው። ራሷ የተቀላው ሜይ 19 ቀን 1536 ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ሊቀ ጳጳስ ክራንመር ጋብቻዋ ከመነሻው ፈራሽ ነው ብሎ ፈርዷል። የተፈረደባት በባሏ ላይ በመማገጥ ነበር። ሚስቱ ካልነበረች በማን ላይ ማገጠች? ይህን ጥያቄ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያነሱት ቃሉን በትክክል ማስቀመጥ ይበቃል።

የመዝገበ ቃላት ሰው፦

በ"መበለት" ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ክራንመር በሜይ 1533 ደንስተብል በተባለች የእንግሊዝ ከተማ የካትሪን ጋብቻ ከመነሻው ፈራሽ ነው ብሎ ከፈረደ በኋላ ካትሪን "ንግሥት" መባሏ ቀርቶ የልዑል አርተር መበለት ልዕልት እንድትባል ታዘዘ። የተላኩት ሹማምንት ከሷ ጋር የተነጋገሩትን በጽሑፍ ይዘው ሲያቀርቡላት ብዕር አስመጥታ ያ ማዕረግ ያለበትን ሁሉ በገዛ እጇ ሰረዘችው። ወረቀቱ ከነስርዙ አለ። በጃንዋሪ 1536 እስክትሞት ድረስ ከንግሥት በታች በሆነ ስም ለሚጠራት አልመለሰችም። በትርጉሙ ላይ "ባልቴት" እንዳትዪ እለምንሻለሁ፤ ባልቴት ዛሬ የዕድሜ ቃል ሆኗል። "መበለት" ነው ቁስሉን የያዘው፤ ባልሽ የሞተው አርተር ነው፣ ሄንሪ ባልሽ አልነበረም ማለት ስለሆነ።

ጠያቂ (ተርጓሚ)፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል ጋሼ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እንላለን። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ምዕራፉ ላይ ባስገባው ያስኬዳል ወይስ የእኛን አገር ንጉሥ እዚያ መውሰድ ይሆንብኛል?

የታሪክ መምህር፦

ያስኬዳል እንጂ! ካስገባሽው ደግሞ የሚቀመጥበትን ቦታ ልንገርሽ። በ1529 ለንደን ውስጥ ብላክፍራየርስ በተባለው ገዳም የፖፑ ችሎት ተቀመጠ። ዳኞቹ ሁለት ካርዲናሎች ናቸው፤ አንዱ የንጉሡ ሹም ወልሲ፣ ሌላው ከሮም የመጣው ካምፔጂዮ። ጁን 21 ቀን የችሎቱ ጠሪ የእንግሊዝን ንጉሥ በስሙ ጠርቶ ቅረብ አለው፤ ንጉሡም "አለሁ" አለ። በገዛ ከተማው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ የሌላ ሰው ችሎት ንጉሥን በስም ጠራ። ካትሪን ስትጠራ ለዳኞቹ መልስ አልሰጠችም። አዳራሹን አቋርጣ ሄንሪ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ስታገባው ወንድ ያላወቀች ድንግል እንደነበረች ህሊናውን ምስክር ጠርታ ተናገረች፣ ተነስታም ወጣች። ጠሪው ደጋግሞ ቢጠራት አልተመለሰችም። ይግባኟን ለሮም ብላ ነበርና ክሌመንት በጁላይ ጉዳዩን ወደ ሮም ሳቡት።

ምሳሌያዊ አነጋገሩን ከዚህ በኋላ አምጪው። ከእንግዲህ ሄንሪ ወደ ባዕድ ችሎት ሊጠራ ነውና ክርክሩ ሁሉ "ንጉሥ አይከሰስ" ወደሚል ዞረ። በ1533 ፓርላማው ወደ ሮም ይግባኝ ማለትን ከለከለ። ሕጉ እንግሊዝ "ኢምፓየር" ናት ብሎ ይጀምራል። ይህን "ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት" ብለሽ እንዳትተረጉሚው፤ በእኛ ጆሮ ብዙ አገር የሚገዛ ማለት ይሆናል። እዚያ ግን "ከእግዚአብሔር በታች በላይዋ ሌላ ዳኛ የሌለባት አገር" ነው የሚለው። ክራንመር ደንስተብል ላይ ሊፈርድ የቻለው በዚህ ሕግ ነው፤ የካትሪን ይግባኝ መውጫ አጣ።

ሌላ አባል፦

ሦስት ቃላት ላይ እኔም ልናገር። አንደኛ "ራስ"። የ1534ቱ ሕግ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ አለው። በአማርኛ ራስ ከንጉሥ በታች ያለ ማዕረግም ስለሆነ "ንጉሡ ራስ ሆነ" ቢባል አንባቢ ሊደናገር ይችላል። "እንደ ጭንቅላት ያለ የበላይ ራስ" የሚል ማብራሪያ አንድ ጊዜ ይግባበት። ቃሉን ግን አትተዪው፤ የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ ነው የሚለው ትምህርት ያለበት ሰው የሚደነግጠው በዚህ ቃል ነው። በ1531 ካህናቱ ይህን ስም ሲቀበሉ "የክርስቶስ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ" የሚል አስገብተው ነበር፤ በ1534ቱ ሕግ ያ ሐረግ ወጣ። ጳጳሱ ጆን ፊሸርና የቀድሞው ቻንስለር ቶማስ ሞር በ1535 የተሰየፉት ለዚህ ስም አፋቸውን ስላልሰጡ ነው። ሞርማ አልተቃወመም፣ ዝም ነው ያለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን፤ እሱ ዘንድ ዝምታውም ወንጀል ተደረገበት። የሄንሪ ልጅ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1559 "ራስ" የሚለውን ትታ "የበላይ አስተዳዳሪ" መባልን መረጠች፤ ሁለቱን በአንድ ቃል እንዳትተረጉሚያቸው።

ሁለተኛ፣ ፖፑን "የሮም ጳጳስ" አትበዪ። ከመለየቱ በኋላ የሄንሪ መንግሥት ሆን ብሎ የሚጠራቸው በዚህ ስም ነበር፤ ከሌላው ጳጳስ አይበልጡም ለማለት። በ1535 "ፖፕ" የሚለው ስም ከጸሎት መጻሕፍት እንዲፋቅ ታዟል። ሳታስቢው የንጉሡን ወገን ትይዣለሽ። "ፖፕ" ወይም የአገራችን ካቶሊኮች እንደሚሉት "ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት" ይሻላል።

ሦስተኛ "ተሐድሶ"። ይህን ቃል ለሉተር እናስቀምጠው፤ ለሄንሪ "ከሮም መለየት" ይበቃል። ሉተር ራሱ የካትሪን ጋብቻ ይፍረስ አላለም። ሄንሪ ከ1536 እስከ 1540 ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማትን ዘግቶ ሀብታቸውን ቢወስድም፣ በ1539 ባወጣው ሕግ ቅዱስ ቁርባኑ ላይ የነበረውን የሮም ትምህርት አጽንቷል፣ ካህናት እንዳያገቡም ከልክሏል። ትምህርቱ በእርግጥ የተለወጠው በልጁ በኤድዋርድ ዘመን ነው።

ጠያቂ (ተርጓሚ)፦

ጽፌዋለሁ ሁሉንም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ ከንጉሡ ስም ቀጥሎ ያሉት "ኤፍ ዲ" የሚሉት ፊደላት ከዚሁ ታሪክ የመጡ ናቸው ይባላል። አማርኛው ምን ይሁን?

የታሪክ መምህር፦

ፊደላቱ "ፊዴይ ዴፌንሶር" የሚለው የላቲን ማዕረግ ምሕጻር ናቸው፤ "ዐቃቤ ሃይማኖት" በዪው። ሄንሪ ስለ ሰባቱ ምሥጢራት ሉተርን የሚቃወም መጽሐፍ አውጥቶ ፖፕ ሊዮ 10ኛ በ1521 የሰጡት ማዕረግ ነው። ከተለየ በኋላ ሮም ብትነጥቀውም ፓርላማው በራሱ ሥልጣን አጸናለት፤ ዛሬም ቻርልስ 3ኛ በሳንቲሙ ላይ ይዞታል። "ጠባቂ" ብትዪም አይከፋም፤ ግን ማዕረግ ስለሆነ ግዕዙ ክብሩን ይጠብቅለታል።