ኤን8ኤን፣ ሬዲስና ቴራፎርም፦ ደንበኛ እያስከፈልን የንግድ ፈቃድ የሚያስፈልገን ለየትኛው ነው?

ቱሉዲምቱ_ኮድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ሆነን ለገላንና ለዱከም መጋዘኖች የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም እንሠራለን። ገዢው በቴሌግራም ቦት ያዛል፤ ኤን8ኤን (የተለያዩ ሲስተሞችን አገናኝቶ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ትዕዛዙን ተቀብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፣ ለመጋዘኑ ኃላፊም መልእክት ይልካል። ኤን8ኤኑ ያለው በእኛው ሰርቨር ላይ ነው፤ 6 ደንበኞች በየወሩ ይከፍሉናል። ሬዲስን (ፈጣን የዳታ ማከማቻ) እና ቴራፎርምን (ሰርቨርን በኮድ ማዘጋጃ) እንጠቀማለን። የሦስቱም ኮድ ጊትሀብ ላይ ይታያል፤ ላይሰንሳቸው (የአጠቃቀም ፈቃዳቸው) ግን የተለመደው ኦፕን ሶርስ አይደለም ሲባል እንሰማለን። ገንዘብ ስለምንቀበል የንግድ ፈቃድ መግዛት አለብን?

ሰሚት_ባክኤንድ፦
ገንዘብ መቀበላችሁ ብቻውን አይወስነውም። የሚወስነው ደንበኛው የሚከፍለው ለእናንተ ሥራ ነው ወይስ ለኤን8ኤን አገልግሎት የሚለው ነው። የኤን8ኤን ላይሰንስ (ሰስቴነብል ዩዝ ላይሰንስ) ለድርጅት የውስጥ ሥራ መጠቀምንና ማሻሻልን ይፈቅዳል። በራሳችሁ ሰርቨር አስቀምጣችሁ ሰው እንዲገባበት ማስከፈል ወይም በራሳችሁ ስም መሸጥ ግን ያለ ንግድ ፈቃድ አይቻልም። ለደንበኛ ዎርክፍሎ (በኤን8ኤን የሚዘጋጅ የሥራ ቅደም ተከተል) ሠርቶ የሙያ ዋጋ መቀበል ችግር የለውም።

በእናንተ ጉዳይ ወሳኙ ጥያቄ፦ የቦቱ ቶከን (ቦቱን የሚያስገባው ሚስጥራዊ ቁልፍ) የማን ነው?

ቱሉዲምቱ_ኮድ፦
የደንበኛው ነው። በቦትፋዘር (የቴሌግራም ቦት መፍጠሪያ) ፈጥሮ ይልክልናል፣ እኛ ኤን8ኤን ውስጥ እናስገባዋለን። ሁለቱ ደግሞ የጉግል ሺታቸውንም አገናኝተዋል።

ሰሚት_ባክኤንድ፦
እንግዲያው ፈቃድ በሚያስፈልገው በኩል ናችሁ። ድርጅቱ በሰነዱ ላይ የሰጠው ምሳሌ እናንተን ይመስላል፦ የተጠቃሚን የመግቢያ ቁልፍ ተቀብሎ የእሱን ዳታ በኤን8ኤን ማመላለስ አይፈቀድም። በራሳችሁ ቁልፍ የሚሠራ ቻትቦት ምርታችሁ ውስጥ ማስገባት ግን ይፈቀዳል።

እኔ ብሆን ለየደንበኛው የየራሱን ኤን8ኤን በራሱ ስም በተከራየ ሰርቨር ላይ እተክልለታለሁ። ያኔ ተጠቃሚው እሱ ነው፤ እናንተ የተከላና የጥገና ታስከፍላላችሁ። መጋዘኑ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ግን አትትከሉት። ገላን ላይ መብራት ሲጠፋ ዌብሁኩም (የቴሌግራምን መልእክት የሚቀበለው አድራሻ) አብሮ ይቆማል፤ ቴሌግራም ደግሞ ያልደረሰ መልእክት ከ24 ሰዓት በላይ አያቆይም። ስታዛውሩ ዎርክፍሎዎቹን ብቻ ኤክስፖርት አድርጉ። የመግቢያ ቁልፎቹ በኤን8ኤኑ የኢንክሪፕሽን ቁልፍ ተቆልፈው ስለሚቀመጡ በሌላ ቁልፍ አይከፈቱም። ደንበኛው አዲሱ ላይ በእጁ ያስገባቸው፤ ለደኅንነትም የሚሻለው ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ሁሉም በአንድ ቦት፣ በእናንተው ቶከን እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ሺት ያገናኙት ሁለቱ ግን የጉግል ቁልፋቸው የራሳቸው ስለሆነ በዚህ አይፈቱም። አለዚያ ኢምቤድ የሚባለውን የንግድ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ስትጽፉላቸው የደንበኛ ብዛት፣ ሰርቨሩ የማን እንደሆነና ቁልፉን ማን እንደሚያስገባ ግለጹ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ላይሰንስ_አንባቢ፦
ሬዲስ ላይ ስጋት የለባችሁም፣ ቨርዥኑን ግን እዩ። እስከ 7.2 ቢኤስዲ (ብዙ ነፃነት የሚሰጥ ኦፕን ሶርስ ላይሰንስ) ነበር። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የተነገረው ለውጥ ከ7.4 ጀምሮ አርኤስኤኤልን ወይም ኤስኤስፒኤልን (ሁለቱም ገደብ ያላቸው ላይሰንሶች) አመጣ፤ 8 ላይ በ2025 ኤጂፒኤል የሚባል ኦፕን ሶርስ ላይሰንስ በአማራጭነት ተጨመረ። ምርታችሁ ውስጥ ለካሽ (ለጊዜያዊ የዳታ ማከማቻ) ወይም ለወረፋ ከተጠቀማችሁበት በየትኛውም ቨርዥን የንግድ ፈቃድ አያስፈልግም። ጥያቄ የሚነሳው ሬዲስን ራሱን እንደ አገልግሎት ለሌላ ስታከራዩ ነው። ሰው የሚሳሳተው ዶከር (ሶፍትዌር አሽጎ ማስኬጃ) ላይ «ሌተስት» (የቅርብ ጊዜው) የሚለውን የቨርዥን ታግ ሲጠቀም ነው፦ ቨርዥኑ ሲቀየር ላይሰንሱም አብሮ ይቀየራል፣ ማንም አያነበውም። ታጉን በቁጥር ጻፉ። ከሬዲስ 7.2.4 ተገንጥሎ ለብቻው የሚሠራው ቫልኪ አሁንም ቢኤስዲ ነው።

ቴራፎርም እስከ 1.5 ኤምፒኤል (ኦፕን ሶርስ) ነው፤ ከ1.6 ጀምሮ ቢኤስኤል 1.1 (ኮዱ ቢታይም አጠቃቀሙን የሚገድብ ላይሰንስ)። ቢኤስኤል ሲያጋጥማችሁ ከአናቱ ያሉትን መስመሮች አንብቡ። ተጨማሪ የአጠቃቀም ፈቃድ ካልተጻፈ መሞከር እንጂ ለእውነተኛ ሥራ ማዋል አይቻልም። የማሪያዲቢ ማክስስኬል 2.0 (ከዳታቤዝ ሰርቨሮች ፊት የሚቆም ሶፍትዌር) ለምሳሌ ከ3 ሰርቨር በታች ለሆነ ብቻ ይፈቅድ ነበር። የቴራፎርሙ ሰፊ ነው፤ የከለከለው ቴራፎርምን ከሠራው ከሃሺኮርፕ የሚሸጡ ምርቶች ጋር መወዳደርን ነው። የራሳችሁንም የደንበኛንም ሰርቨር ለማዘጋጀት ተጠቀሙበት። እያንዳንዱ ቨርዥን ቢበዛ በ4 ዓመቱ ወደ ኦፕን ሶርስ ይለወጣል፤ የሚቆጠረው ግን ለየቨርዥኑ ነው።

ቱሉዲምቱ_ኮድ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። 6ቱንም ወደየራሳቸው ሰርቨር እናዛውራለን። ኮዱን ቀይረን ብንተክልላቸውስ?

ሰሚት_ባክኤንድ፦
ለራሱ የውስጥ ሥራ እስከሆነ ማሻሻል ይቻላል፤ የላይሰንስና የባለቤትነት ጽሑፉን ግን እንዳታጠፉ። በስማቸው ውስጥ «.ኢኢ.» ያለባቸው ፋይሎች ደግሞ በሌላ፣ በኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ ሥር ናቸው። የላይሰንስ ፍተሻውን ቆርጦ እነሱን መክፈት ጥሰት ነው፤ ኤን8ኤን የተተከለው በደንበኛው ስም ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ይሆናል።