አንዱ ዓሣ ሌሎቹን እየጨረሰብኝ ነው

ሰላም ወገኖች፣ ጅማ ሄርማታ ነኝ፣ ቤት 120 ሊትር አኳሪየም አለኝ። ውስጡ አንድ ወንድ አውራተስ፣ ሦስት ቢጫ ላቢዶክሮሚስ፣ ሁለት ጎልድፊሽና ስድስት ጋፒ ነበሩ። ሻጩ አብረው ይኖራሉ ስላለኝ ነው የገዛሁት፣ አውራተስ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ወገን፣ የማላዊ ሐይቅ ዓሣ እንደሆነና ቦታውን ለማንም እንደማያስነካ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጋፒዎቹ በሁለት ሳምንት አለቁ፣ የአንዱ ጎልድፊሽ ጭራ ተቦጫጭቋል፣ ቢጫዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከውሃ ማሞቂያው (ሂተሩ) ጀርባ ተለጥፈው ነው የሚውሉት፣ ምግብ ስጨምር እንኳን አይወጡም፣ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል። ከአዌቱ ወንዝ ድንጋይ አምጥቼ በደንብ ፈትጌ ዋሻ ሰራሁላቸው፣ አውራተሱ ሁሉንም የራሱ አደረገው። የድንጋዩን ቦታ ቀያየርኩ፣ ሁለት ቀን ተረጋጋና ተመለሰበት። ለሦስት ቀን ለብቻው አውጥቼ አቆየሁት፣ ሲመለስ ጭራሽ ባሰበት። ውሃው 25 ዲግሪ ነው፣ በየሳምንቱ ሩቡን እቀይራለሁ።

ጎልድፊሾቹ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚስማማቸው ለጓደኛዬ ልሰጣቸው ነው። ሁለተኛ አኳሪየም ለመግዛት ግን አቅሙ የለኝም፣ እና ሲክሊድ ያረባችሁ ካላችሁ፣ አውራተሱን ላስወጣው ወይስ ጥቃቱ አንዱ ላይ ብቻ እንዳያርፍ የቢጫዎቹን ቁጥር ብጨምር በ120 ሊትር ይሰራል?