ሌዘር ለጠይም ቆዳ፦ የአገጭ ፀጉር ማስወገድ ምን ያህል ያሰጋል?

ጠይሟ፦
አገጭና አንገት ላይ ለሚበቅል ጠንካራ ፀጉር ሌዘር እያሰብኩ ነው። ቆዳዬ ወደ ጥቁር ያደላ ጠይም ነው። የጠየቅኩት ቤት «ምንም ጉዳት የለውም» ይላል፤ የማሽኑን ዓይነት ግን አልነገሩኝም። ያቃጥላል፣ ጠባሳ ይጥላል የሚባለው እውነት ነው?

ቆዳና_ብርሃን፦
የማሽኑን ዓይነት የማይነግር ቤት ይቅርብሽ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሌዘሩ የሚያነጣጥረው ፀጉሩ ውስጥ ባለው ሜላኒን፣ ማለትም ቀለም በሚሰጠው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ቆዳሽም ሜላኒን ስላለው ብርሃኑን ይሻማል፤ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት (በናኖሜትር ይለካል) ሲጨምር የላይኛውን ቆዳ ብዙ ሳይነካ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ስለዚህ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው። 755ቱ አሌክሳንድራይት ለነጣ ቆዳ ነው። 810 አካባቢ ያለው ዳዮድ ጥሩ ማቀዝቀዣና የቻለበት ሠራተኛ ይፈልጋል። አይፒኤል (ብዙ የሞገድ ርዝመት ያለው ብልጭታ ብርሃን) ደግሞ በየቤቱ ሌዘር ቢባልም ሌዘር አይደለም፤ ላንቺ አይሆንም።

ከተሠራሽ በኋላ በየፀጉሩ ቀዳዳ ዙሪያ ትንንሽ እብጠት ቢወጣ አትደንግጪ፤ ቢበዛ በሁለት ቀን ይጠፋል። ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም የማሽኑን ጫፍ ቅርጽ የያዘ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ምልክት ከታየ ግን ቃጠሎ ነው፤ ሳታፈነጂው የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቃጠሎው ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት እስኪለቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። ነጥቶ የቀረው ይብሳል፤ አንዳንዴም አይመለስም።

ሆርሞን_ይታይ፦
ማንም የማይነግርሽ ሌላ ነገር አለ፦ ፊትና አንገት ላይ ፀጉሩ ከመጥፋት ይልቅ የሚበዛበት ጊዜ አለ። በተለይ ስስ ፀጉር ባለበት ዳር፣ የሌዘሩ ጉልበት አነስተኛ ሲሆን። ስስ ፀጉሩን አታስነኪ። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ መጀመሪያ የሆርሞን ምርመራ አድርጊ፤ መንስኤው እያለ ሌዘሩ ብቻውን አይበቃም።

ጠይሟ፦
ማደንዘዣ ክሬም ቀብተሽ ነይ ብለውኛል። ሌላስ ዝግጅት አለው?

ቆዳና_ብርሃን፦
ለአገጭ ስስ አድርጎ መቀባት ችግር የለውም። እግር ሙሉ ቀብቶ በፕላስቲክ መጠቅለል ግን አደገኛ ነው፤ ክሬሙ ውስጥ ያለው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ወደ ደም ገብቶ ልብን ያውካል፣ ያንቀጠቅጣል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በዚህ የሞቱ ወጣት ሴቶችን ጠቅሶ አስጠንቅቋል።

አራት ሳምንት ቀደም ብለሽ በሰም፣ በክር፣ በወረንጦ መንቀል አቁሚ፤ ሥሩ ከሌለ ሌዘሩ የሚመታው የለም። ከአንድ ቀን በፊት በምላጭ ላጪው፤ ሳይላጭ የቀረ ፀጉር ቆዳው ላይ ሲነድ ያቃጥላል። ሬቲኖል ያለበት የፊት ክሬም ከሳምንት በፊት ይቅር። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰድሽ ከሆነ ተናገሪ፣ ቆዳ በብርሃን ቶሎ እንዲቆጣ ያደርጋል። መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ አስሞክሪና ቢያንስ ሁለት ቀን ጠብቂ። ሲሠሩሽ ላንቺም ለሠራተኛዋም የዓይን መከላከያ ይኑር። ቅንድብ ሥር ልሥራልሽ ቢሉሽ እንቢ በይ፤ ዓይን የሚጎዳው እዚያ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ለፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ።