ሁለት ሆናችሁ በሸራ ጀልባ ወደ ግሪክ ለምትሄዱ

ከግሪክ ከተመለስን ወዲህ የሚደወልልኝ ለአንድ ጉዳይ ነው። ከማን ተከራያችሁ? የቱ ደሴት ይሻላል? ለሁለት ሰው ይቻላል ወይ? ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚህ አንዴ ልዘርግፈው።

ፍራንክፈርት የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ባለቤቴ የጀርመኑ የባሕር ጀልባ መንጃ ፈቃድ አለው። እኔ ሁለት ዓመት ሐይቅ ላይ አብሬው ገመድ ስጎትት ቆይቻለሁ። ግሪክ ውስጥ ካፒቴን ሳትቀጥሩ ጀልባ ለመከራየት አንዳችሁ መንጃ ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ሌላችሁ ደግሞ ልምድ እንዳላችሁ ትፈርማላችሁ።

መጀመሪያ ልባችን የሄደው ሲክላዲስ ነበር። ሚኮኖስ፣ ፓሮስ፣ ሳንቶሪኒ፤ ያ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት። በጁላይና በኦገስት ከሆነ ተዉት። መልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ቀናት ሙሉ ይነፍሳል። የነፋስን ኃይል በሚለካው በቦፎርት መለኪያ 7 ወይም 8 መድረሱ ብርቅ አይደለም። ስድስት ጎረምሳ ከሆናችሁ ትዝናኑበት ይሆናል። ሁለት ሰው ግን ወደብ ላይ ታስሮ ነፋሱን ሲያዳምጥ የከፈለበት ሳምንት ያልቅበታል።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው የኢዮኒያን ባሕር ነው፤ ሌፍካዳ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎኒያ። ጠዋት ባሕሩ ዝም ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፣ ማታ ነፋሱ ይረግባል። አውሮፕላኑ ፕሬቬዛ ያርፋል፤ ከዚያ ሌፍካዳ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ብቻችሁን መሆን ከፈራችሁ ፍሎቲላ የሚሉት አለ። ብዙ ጀልባዎች አንድ መሪ ጀልባ ተከትለው ይሄዳሉ፤ መሪው ቀድሞ ወደብ ገብቶ ገመዳችሁን ይቀበላችኋል። ሰንሴይል የሚባለው አከራይ ድርጅት ከሌፍካዳ እንዲህ ያለ ጉዞ ያዘጋጃል። እኔ በጀልባ ስሄድም በቡድን መሄድ አልወድም፤ እሱ የኔ ጠባይ ነው።

እኛ የመረጥነው የሳሮኒኮስን ባሕረ ሰላጤ፣ የአቴንስን ደጃፍ ነው። ከአየር ማረፊያው ኤክስ 96 አውቶቡስ ይዛችሁ አሊሞስ ትወርዳላችሁ፤ ጀልባዋ ማሪናው፣ የጀልባ ማቆሚያው፣ ውስጥ ትጠብቃችኋለች። መልተሚ እዚህ አቅሙ ይቀንሳል። መንገዱም አጭር ነው። ከአሊሞስ ኤጊና 16 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ተዝናንታችሁ የሦስት አራት ሰዓት ጉዞ።

ስለ ኪራይ። ክሊክ ኤንድ ቦት፣ ቦትአራውንድ የመሳሰሉት ደላላ ናቸው፤ ጀልባው የነሱ አይደለም። ዋጋ እነሱ ላይ አወዳድሩ፤ ከዚያ የጀልባውን ባለቤት ድርጅት ስም ፈልጋችሁ የሰው አስተያየት አንብቡ። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው።

የጀልባ ምርጫ ላይ ቁንጅናውን እርሱት። ለሁለት ሰው 33 ወይም 34 ጫማ ርዝመት ይበቃል። አሥር ዓመት ያገለገለች ብትሆንም ግድ የለም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። መልህቅ የሚያነሳው ሞተር በኤሌክትሪክ የሚሠራና ጤነኛ ነው ወይ? የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ጎን የሚገፋው ትንሽ ሞተር፣ ባው ትረስተር የሚሉት፣ አላት ወይ? ካታማራን የሚሉት ባለ ሁለት አካል ጀልባ ሰፊ ነው፣ አያጋድልም፣ በሁለት ሞተር እንደ ልብ ይዞራል። ግን ኪራዩ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ጠባብ ወደብ ላይም ቦታ አያገኝም።

ካፒቴን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀጥረናል። በቀን 200 ዩሮ ገደማ፣ ምግቡ በእኛ፣ የሚተኛውም ከእኛው ጋር ጀልባዋ ላይ። ባለቤቴ «ፈቃድ እያለኝ?» ብሎ አኩርፎ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ እሱ ራሱ አንድ ቀን እንጨምር አለ።

ምክንያቱም ከባዱ ሥራ ጀልባውን መንዳቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ግሪክ ውስጥ ጀልባ የሚቆመው በጀርባው ነው። ከዳርቻው አርባ ሃምሳ ሜትር ላይ መልህቅ ትጥላላችሁ፣ ሰንሰለቱን እየለቀቃችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ ስትጠጉ ሁለት ገመድ ትወረውራላችሁ። አንዱ መሪ ላይ፣ አንዱ መልህቅ ላይ። ሦስተኛ ሰው የለም።

ሃይድራ ላይ ያየነውን ልንገራችሁ። ሃይድራ መኪና የማይገባባት ደሴት ናት፤ ዕቃ የሚያመላልሰው አህያና በቅሎ ነው። ውበቷን አልክድም። ወደቧ ግን መዳፍ ታክላለች፤ የሁሉም ሰንሰለት መሀል ላይ ይጠላለፋል። ጠዋት ልንወጣ መልህቃችንን ስናነሳ የጎረቤትን ሰንሰለት አንቆ ብቅ አለ። እኔ አፍንጫው ላይ ተንበርክኬያለሁ። ባለቤቴ ከኋላ «ልቀቂው!» ይላል። «የቱን?» እላለሁ። «እሱን!» ይላል። ወደብ ሙሉ ሰው ቡናውን ይዞ ያየናል። አማርኛ የሚሰማ አለመኖሩ በጀን። በመጨረሻ ከጎን ያለው ጀልባ ላይ የነበሩ ሽማግሌ በእጃቸው አሳዩኝ። ገመድ በሰዎቹ ሰንሰለት ሥር ታሳልፋላችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ጀልባው ላይ ታስራላችሁ፣ የራሳችሁን መልህቅ ትንሽ ዝቅ ታደርጋላችሁ። የሰዎቹ ሰንሰለት ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የእናንተው ይላቀቃል። ከዚያ ገመዱን በአንድ ጫፍ ለቅቃችሁ ትስቡታላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በእጅ ምልክት ብቻ ነው የምንነጋገረው።

ስለዚህ ሃይድራን ማየት ከፈለጋችሁ ጀልባችሁን ኤርሚዮኒ አቁሙና በፈጣኑ የሕዝብ ጀልባ ለግማሽ ቀን ተሻገሩ። ለማደር ፖሮስ ሰፊና የተጠለለ ነው። ኮርፎስ ላይ ታቨርናዎቹ የራሳቸው መቆሚያ አላቸው፤ ገመዳችሁን ይቀበሉና እራት እነሱ ጋ ከበላችሁ ማደሪያ አያስከፍሏችሁም። ለሁለት ሰው ከዚህ የተሻለ አገልግሎት አላየሁም። ከኤጊና ፔርዲካ ፊት ለፊት ሞኒ የምትባል ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች፤ ለዋና ቆሙባት። ፒኮክ ዳርቻው ድረስ እየመጣ ሳንድዊች ይለምናል።

መልህቅ ስትጥሉ የታችኛውን ቀለም እዩ። ነጣ ያለው አሸዋ ነው፤ ይይዛል። ጠቆር ያለው የባሕር ሣር ነው፤ መልህቁ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ሣሩም ይጎዳል። ከስልክ ላይ ለማረፊያ ቦታ ናቪሊ፣ ለነፋስ ዊንዲና የግሪኮቹ ፖሴይዶን ይበቁናል። ሁለቱ የነፋስ ትንበያዎች ካልተስማሙ የባሰውን አምነን ነው የምንነሳው።

የስንቅ ነገር። ከባድ ከባዱን፣ ውኃውንና ሩዙን፣ አቴንስ ስክላቬኒቲስ ከሚባለው ሱፐርማርኬት ግዙ። አትክልት ግን ኤጊና ጠብቁ። ወደቡ ላይ ታስሮ የሚሸጥ የአትክልት ጀልባ አለ፤ ቲማቲሙን ከጀልባ ወደ ጀልባ ነው የምትቀበሉት። ፒስታቺዮም እዚያው ነው፤ ስሙ የወጣለት የኤጊና ነው።

የሄድነው ፍልሰታ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ግሪክ ትመቻለች፤ እነሱም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ፣ የእኛ በ7 ይገባል። «ኒስቲሲሞ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ፋቫ የሚሉት የአተር ክክ፣ ጊጋንዴስ የሚሉት ትልልቅ ቦሎቄ፣ ሆርታ የሚሉት የተቀቀለ ቅጠል በዘይትና በሎሚ ይመጣላችኋል። ሰላጣ ስታዙ «ሆሪስ ፌታ»፣ ያለ አይብ፣ ማለት አትርሱ። አንዱ አስተናጋጅ ኦክቶፐስ ካላመጣሁ ብሎ ሞተ። እነሱ ዘንድ ኦክቶፐስ ጾም ነው። ኦገስት 15 የእነሱ ትልቅ በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ወደብ በጊዜ ግቡ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቦታ የለም።

የመጨረሻው ምክር ስለ ማስያዣ ነው። ስንረከብ ጀልባዋን ከአፍ እስከ ጭራ በስልክ ቀርጸን ነበር። ስንመልስ የድርጅቱ ሰው መሪው አጠገብ ያለ ጭረት አሳየንና ከማስያዣው 300 ዩሮ እቆርጣለሁ አለ። ቪዲዮውን ከፍተን ጭረቱን አሳየነው። ዝም ብሎ ወረቀቱን ፈረመ። ቪዲዮው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሦስቱ ደቂቃ የባለቤቴ ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። እስካሁን አላጠፋሁትም።