ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ፤ ከጋዜጠኞች ጋር መሥራትን በምን ልልመድ?

ተለማማጇ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል የ8 ሳምንት ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ፣ አሁን ሁለተኛው ሳምንት ነው። ሥራዬ ጋዜጣ እያገላበጡ የድርጅቱ ስም የተነሣበትን መልቀም፣ ደብዳቤ ማድረስና ስብሰባ ላይ ፎቶ ማንሣት ነው። ከሚዲያ ጋር መሥራት የሚባለውን በዚህ አያያዝ እንዴት ልማረው?

በተለይ፦ የጋዜጠኞች ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል? የተላከ መግለጫ ለምን ሳይወጣ ይቀራል? ስደውልስ ምን ብዬ ልጀምር? አራተኛ ጥያቄም አለኝ፣ እሱ ትንሽ ያሳፍራል፦ ፕሮግራም ላይ ለጋዜጠኞች ስለሚሰጠው የትራንስፖርት ገንዘብ ምን ትላላችሁ?

ስምሪት፦

እህቴ፣ ሥራው እኮ የዘረዘርሻቸው ሦስቱ ናቸው። በደንብ ከተሠሩ ማለቴ ነው።

ከመልቀሙ እንጀምር። ቆርጦ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ጥቅም የለውም። ኤክሴል ክፈቺና እነዚህን ዓምዶች አድርጊ፦ ቀን፣ ሚዲያው፣ ገጹ ወይም የተላለፈበት ሰዓት፣ የጋዜጠኛው ስም፣ ርዕሱ፣ በምንጭነት የተጠቀሰው ሰው፣ የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ከላክነው መግለጫ ሳይነካ የገባው የቱ ነው?»። ይኼ የመጨረሻው ነው አስተማሪው። ከአንድ ገጽ መግለጫ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ከገባ፣ የቀረው ለምን እንደተጣለ ራስሽ ታያለሽ። የእናንተን ስም ብቻ አትፈልጊ፣ የተፎካካሪዎቻችሁንና የዘርፉን ዜና በሙሉ መዝግቢ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ ዘርፉ ደጋግመው የሚጽፉት ስሞች ይወጡልሻል። የጋዜጠኞች ዝርዝርሽ ከዚያ ይጀምራል። ቢሮ ውስጥ ያለውን የቆየ ባለ 200 ስም ዝርዝር እንዳለ አትመኚው፤ ጋዜጠኛ ከሚዲያ ሚዲያ ይዘዋወራል፣ ዴስክም (የሚዘግብበትን ዘርፍ) ይቀይራል። የተጣሩ 30 ወይም 40 ስሞች ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዴስኩን፣ ሚዲያው የሚወጣበትን ቀን፣ ቋንቋውን፣ በቴሌግራም ይሁን በኢሜይል መቀበል እንደሚመርጥ ጻፊ።

የሚወጣበት ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። አዲስ ዘመን የዕለት ጋዜጣ ነው። የአማርኛው ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ ይወጣል። ፎርቹንና ካፒታል በእንግሊዝኛ በሳምንት አንዴ እሁድ ናቸው። እሁድ ለሚወጣ ጋዜጣ ቅዳሜ ጠዋት መግለጫ መላክ ማለት ለሚቀጥለው ሳምንት መላክ ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ዜናው አርጅቷል። የኢቢሲ ዋና ዋና ዜናዎች ቀን 7 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ናቸው። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጀመር ፕሮግራም ንግግሩ ተንዛዝቶ፣ ካሜራው በትራፊክ ተጉዞ፣ ምስሉ ተቆርጦ ለምሽቱ ዜና አይደርስም። ጠዋት 3 ሰዓት ከ30 ጀምራችሁ 5 ሰዓት ላይ ብትጨርሱ ግን ለሁሉም ይመቻል።

ደብዳቤ ማድረሱም እንደዚያው። የቴሌቪዥን ቡድን ያለ ስምሪት (ለዘገባ የሚመደብበት ትእዛዝ) አይወጣም፣ ስምሪት ደግሞ ደብዳቤ ይፈልጋል፦ ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ ትክክለኛ ቦታውን (የሕንጻውን ስም ብቻ ሳይሆን ፎቁንና የአዳራሹን ስም)፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደሚናገርና የሚነሣ ስልክ የያዘ። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው፦ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይሰጥና «አድርሻለሁ» ተብሎ ይመለሳል። ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ይወጣል፣ ተመርቶ ወደ ዜና ክፍል እስኪወርድ አንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ከ3 ቀን በፊት ስጪ፣ የገቢ ቁጥሩን ጻፊ፣ በማግስቱ በዚያ ቁጥር ደውለሽ የት እንደደረሰ ጠይቂ፣ ኮፒውን ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለስምሪት ክፍሉ በቀጥታ ላኪ። አንድ ጊዜ በእግርሽ ከሄድሽበት ሚዲያ ማን የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፤ አለቃሽ ይህን በስልክ ማግኘት አይችልም።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ስለ መግለጫው እኔ ልበል። በአብዛኛው የማይወጣው ዜናው አራተኛው አንቀጽ ላይ ስለሚደበቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦

«ድርጅታችን ያስገነባው ዘመናዊ የዳቦ ፋብሪካ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች በተገኙበት በደማቅ ሁኔታ ተመረቀ።»

አንድ ሰው እንኳ ይህን አንብቦ ምን አዲስ ነገር እንዳለ አያውቅም። እንዲህ ይገልበጥ፦

«በቀን 40 ሺህ ዳቦ የሚጋግር ፋብሪካ ቃሊቲ ውስጥ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው ለ120 ሰዎች የሥራ ዕድል የፈጠረ ሲሆን፣ አንዱን ዳቦ ለቸርቻሪ በስንት እንደሚያስረክብ አስታውቋል።»

«አስታውቋል» ብሎ ዋጋውን አለመጻፍ ሌላ ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ አርታኢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ቁጥሩ ከሌላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አትጻፉት። የክብር እንግዳው ስም ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ቢገባ ማንም አይቀየምም፤ አለቃሽ ግን ይቀየም ይሆናል፣ እሱን አስቀድመሽ አስረጂ።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ 300 ቃል ገደማ። አንድ ጥቅስ ይበቃል፤ ያም ሰው በአፉ የሚናገረው ዓይነት ይሁን። «ይህ ታላቅ ስኬት የቁርጠኝነታችን ነጸብራቅ ነው» የሚለውን ጋዜጠኛ ሳያነበው ያልፈዋል።

ቴክኒኩ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ስካን አድርገው ይልካሉ፤ ጋዜጠኛው ግን ከምስል ላይ ጽሑፍ በቀላሉ መቅዳት አይችልም፣ ብዙ ጊዜ እንደገና መተየብ ይኖርበታል፣ ስለዚህ ይተወዋል። ሁለቱንም ላኪ፦ ስካኑ ለማረጋገጫ፣ ጽሑፉ ደግሞ እንዲቀዳ እዚያው መልእክቱ ላይ ተለጥፎ። ቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በቪዥዋል ግዕዝ ከጻፈ፣ ያ ፎንት የሌለው ሰው ዘንድ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። በዩኒኮድ (በማንኛውም መሣሪያ ላይ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ጻፉ፣ የኒያላም ሆነ የአቢሲኒካ ፎንት ይሠራል። ከመላክሽ በፊት በራስሽ ስልክ ላይ ክፈቺው፤ እዚያ ከተነበበ የትም ይነበባል።

ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ስትልኪ ይጨመቅና ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክሰል ይሆናል። ያ በኅትመት ጥራት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለፊት ገጽ አይሆንም። «ፋይል» አድርገሽ ላኪ። ሦስት ፎቶ በቂ ነው፤ አንዱ ማሽኑ ወይም ሥራው የሚታይበት ይሁን፣ ሪባን መቁረጥ ብቻ አይሁን። ከሥሩም ከግራ ወደ ቀኝ ሙሉ ስምና ኃላፊነት። ስም ላይ የተሳሳተ ፊደል ከወጣ የሚወቀሰው ጋዜጣው ነው፣ ጋዜጣው ደግሞ እናንተን አይረሳም።

ማይክ ክፍል፦

ስልኩ። ዜና ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው አትደውዪ፣ ለዕለት ጋዜጣም አመሻሽ ላይ አትደውዪ። ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ደህና ነው። አጀማመሩ ሰላምታ ከተበዛ ይበላሻል፤ «እንዴት አሉ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ» ለማያውቁት ሰው አይሆንም። እንዲህ በቂ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እገሊት እባላለሁ፣ ከእገሌ ድርጅት ነው። ሐሙስ ጠዋት ቃሊቲ ላይ የዳቦ ፋብሪካ ሥራ ይጀምራል፣ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ስለ ስንዴ ዋጋ ጽፈው ስላየሁ ነው። አሁን ይመችዎታል ወይስ ልጻፍልዎት?»

ይኼ 20 ሰከንድ አይፈጅም። «ስለ ስንዴ ዋጋ ጽፈው ስላየሁ» የሚለው ከዚያ ከኤክሴሉ የመጣ ነው። እርስዎ በዪ፣ ራሱ «አንቺ በይኝ» እስኪል ድረስ። ከላክሽ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተከታተዪ። «መቼ ነው የሚወጣው?» እና «ከመውጣቱ በፊት እንየው» የሚሉት ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በር ይዘጋሉ።

ለሬዲዮ ከሆነ የኃላፊውን ድምፅ ቀድማችሁ ቅዱ፦ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ክፍል ውስጥ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል። አንድ ቅጂ አንድ ሐሳብ ይያዝ፣ «ከላይ እንደገለጽኩት» የሚል አይኑርበት፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ተቆርጦ ይቀራል።

ተለማማጇ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ እየጻፍኩ ነው። አንድ የሚያስፈራኝ፦ ጋዜጠኛ ራሱ ደውሎ ጥያቄ ቢያቀርብና ኃላፊዬ ባይኖርስ?

ስምሪት፦

አንቺ አትመልሺ፣ ግን አታባርሪውም። አምስት ነገር ጻፊ፦ ስም፣ ሚዲያ፣ ጥያቄው ቃል በቃል፣ ዜናው የሚዘጋበት ሰዓት፣ ሌላ ማንን እንዳነጋገረ (ካልነገረሽ አትጨቅጭቂ)። «ከ9 ሰዓት በፊት እደውልልዎታለሁ» ካልሽ መልስ ባይገኝም 9 ሰዓት ሳይሞላ ደውዪ። ዝም ከተባለ «ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» ተብሎ ይጻፋል፣ እሱም ትክክል ነው። «ለአንተ ብቻ ልንገርህ» የሚባል ነገር ለተለማማጅ የለም፤ የተናገርሽው ሁሉ እንደሚወጣ ቁጠሪው።

ወደ ፊት መንግሥት መሥሪያ ቤት ብትገቢ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄ የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፣ ምላሹም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ዜና ግን 30 ቀን አይጠብቅም፤ ቀነ ገደቡን እንደ መደበቂያ የሚጠቀም ቢሮ ወሬው ከወጣ በኋላ ማስተባበያ ሲጽፍ ይከርማል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

የትራንስፖርቱን ጉዳይ ሁላችሁም ዘላችሁት። የኔ አቋም፦ ፖስታ አይሰጥ። ቦታው ሩቅ ከሆነ መኪና አቅርቡ፣ ከዜና ክፍል ወስዶ የሚመልስ። ምሳም ለሁሉም እንግዳ እኩል ይሁን። ገንዘብ የተቀበለ ሪፖርተር የሚያመጣውን ዜና አርታኢው ከሽታው ያውቀዋል፣ ይቆርጠዋልም።

ማይክ ክፍል፦

በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ልጅቷ ፖሊሲ የምታወጣ አይደለችም። ክፍያው በቢሮው የተለመደ ከሆነ ቢያንስ ይህን ትጠብቅ፦ መጠኑ በጽሑፍ የተወሰነና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ በፋይናንስ በኩል ይከፈል፣ «ሲወጣ ነው የምንከፍለው» የሚባል ነገር አይኑር። እሷ በእጇ ፖስታ አታድል፣ ያልቆጠረችውን ገንዘብ ዝርዝር ላይ አትፈርም።

ተለማማጇ፦

ግልጽ ነው። አንድ አስቸኳይ፦ ነገ የሚላክ ጥሪ ላይ አማርኛው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3:30፣ እንግሊዝኛው ኦክቶበር 16 ከጠዋቱ 3:30 ይላል። ቀኑ የቱ ነው ትክክሉ?

ቀይ እስክሪብቶ፦

ስህተቱ ያለው እንግሊዝኛው ላይ ነው፣ ቀኑም ሰዓቱም። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ኦክቶበር 15 ነው። 16 የሚሆነው ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት ባለው ዓመት ነው፣ ለምሳሌ በ2016፤ የዚያን ዓመት ጥሪ ገልብጣችሁ ይሆናል። ሰዓቱ ደግሞ በእንግሊዝኛው 9:30 መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የውጭ ዜና ወኪሉ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው ብሎ ይስቃል። በሁለቱም ላይ የሳምንቱን ቀን ጨምሪ፣ «ረቡዕ» ብለሽ። ቀኑና ስሙ ካልገጠሙ ተቀባዩ ከመምጣቱ በፊት ደውሎ ይጠይቃል።