ያረጀ መርከብ ማስመጥ፦ ለዓሣ ቤት መሥራት ነው ወይስ ቆሻሻ መጣል?

ሳሚ፦
እስቲ እንከራከር። «ዩናይትድ ስቴትስ» የምትባለውን የመንገደኞች መርከብ ታውቋታላችሁ? በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ ክብረ ወሰን የያዘች ናት። በ1969 ሥራ አቆመች። ከ1996 ጀምሮ ፊላደልፊያ ወደብ ላይ ተገትራ ዛገች። በኋላ የኪራይ ጭቅጭቁ ፍርድ ቤት ደረሰና ቦታውን ልቀቂ ተባለች። በ2024 ፍሎሪዳ ያለው የኦካሎሳ ካውንቲ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛት። እቅዱ አጽድቶ ከዴስቲን ከተማ ራቅ ብሎ ባሕር ውስጥ ማስመጥ ነው። ለዓሣ መኖሪያ፣ ለጠላቂ መዝናኛ ትሆናለች ተብሎ። ለጠቅላላው ሥራ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተይዞለታል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። 302 ሜትር የሚረዝም ታሪክ እንዴት ውኃ ይብላው? እናንተስ?

ሄለን፦
ሳሚ፣ ያ ሁሉ ዓመት ወደብ ላይ ስትዝግ ማን ደረሰላት? ውስጧ እኮ ባዶ ነው። ዕቃዋ በ1980ዎቹ በጨረታ ተሸጠ። በ1990ዎቹ ደግሞ አስቤስቶሱን (እሳት እንዲከላከል የተለጠፈውን ለሳንባ አደገኛ የሆነ ነገር) ለማንሣት ዩክሬን ድረስ ተጎትታ ሄዳ ግድግዳዋ ሳይቀር ተነቀለ። አሁን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ተቆራርጣ ትሸጣለች፣ ወይ ትሰምጣለች።

እኔ ጠላቂ ነኝ። ኪይ ላርጎ በምትባል የፍሎሪዳ ደሴት አጠገብ በ2002 የሰመጠችውን «ስፒግል ግሮቭ» የተባለች የጦር መርከብ ወርጄ አይቻታለሁ። ገመዱን ይዛችሁ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚታየው ሰማያዊ ውኃ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት የመርከቧ ክሬን ከፊታችሁ ይቆማል። ብረቱ ላይ ጣት የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ የለም፤ ስፖንጁም ኮራሉም (ጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ተጋፍቶ በቅሎበታል። ዙሪያውን ግን አሸዋ ነው። የኮራል እጭ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ካላገኘ አይበቅልም። ደግሞ እኛ ብረቱ ጋ ስንሄድ የተፈጥሮው ኮራል ከእኛ እግርና እጅ ያርፋል።

ቢኒያም፦
ሄሉ፣ ውበቱን አልክድም። ግን «ኦሪስካኒ»ን አትርሺ። ትልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነበረች። በ2006 ፍሎሪዳ ካለችው ፔንሳኮላ ወዲያ ባሕር ውስጥ አሰመጧት፤ 37 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ጸድታለች ተብሎ ነበር። ሆኖም በኤሌክትሪክ ገመዶቿ ሽፋን ውስጥ ያለው ፒሲቢ ሁሉ አልወጣም። 300 ኪሎ ገደማ እዚያው እንዲቀር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቀደ። ፒሲቢ መመረቱ የተከለከለ መርዝ ነው። ስብ ውስጥ ይከማቻል። ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ሰው ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመርከቧ አካባቢ የተጠመዱ ዓሦች ሲመረመሩ ከፍ ያለ ፒሲቢ ተገኘባቸው። በኋላ ቀንሷል፤ እሺ ይቀንስ። በዚያ መሐል አጥምዶ ልጆቹን ያበላው አባትስ ምን ይባላል?

የጎማውንም ነገር አስቢ። በ1970ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ ባሕር ላይ 2 ሚሊዮን ገደማ ያረጀ ጎማ «ለዓሣ ቤት» ተብሎ ተጣለ። ማሰሪያው ተበጠሰ። ጎማው ከማዕበል ጋር እየተንከባለለ እዚያው አጠገብ ያለውን የተፈጥሮ ኮራል ፈጀው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሠራዊት ጠላቂዎች ሳይቀሩ ሊለቅሙት ገቡ።

ሄለን፦
ጎማና መርከብ ምን አገናኘው? ጎማ ቀላል ነው፣ ማዕበል ያንከባልለዋል። መርከብ በሺህ የሚቆጠር ቶን ነው። አይነቃነቅም።

ቢኒያም፦
አይነቃነቅም? ያየሻት ስፒግል ግሮቭ ራሷ ከታሰበው ሰዓት ቀድማ ሰምጣ፣ ተገልብጣ፣ ከዚያም በጎኗ ተኝታ ነበር። በ2005 ቀጥ አድርጎ ያቆማት ዴኒስ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ (ሄሪኬን) ነው። ያን ሁሉ ብረት ያዞረ ማዕበል ነገ ወዴት እንደሚገፋው ማን ዋስ ይሆናል?

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆቼ፣ እኔ ምፅዋ በባሕር ኃይል ያገለገልኩ ሰው ነኝ። «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን። በ1962 ከአሜሪካ የመጣች፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ። በ1991 ሁሉም ነገር ሲፈርስ የመን ገባች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቃ። የምናያት የለም፣ ልጆቻችንን ወስደን የምናሳያት የለም። ደረጃዋን ስንወጣና ስንወርድ ወጣትነታችን ያለቀባት መርከብ የማን ቤት በር፣ የማን አጥር እንደሆነች አላውቅም። ቀይ ባሕር ውስጥ ብትሰምጥ ኖሮ ቢያንስ «እዚህ ናት» እል ነበር። መቁረጥን ክብር አድርጋችሁ አትንገሩኝ።

ቢኒያም፦
ጋሼ፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል፣ አልከራከርዎትም። ግን መቁረጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ቻታግራም ባሕር ዳርቻ ላይ ሠራተኛ በባዶ እግሩ ብረት የሚቆርጥበት አሠራር አለ፤ ያን እኔም እቃወማለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ብራውንስቪል ላይ ግን የመንግሥት መርከቦች በሥርዓት የሚፈቱበት ቦታ አለ። መርዙ ተለይቶ ይወገዳል፣ ብረቱ ተመልሶ ይቀልጣል። የቀለጠው ብረት ከማዕድን እንደ አዲስ ከማውጣት ይሻላል።

ማህሌት፦
ስለ ባሕር እንስሳት የምማር ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው ጥያቄ መርከቧ ዓሣ ታበዛለች ወይስ ከሌላ ቦታ ትሰበስባለች የሚለው ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሬድ ስናፐር ስለሚባለው ዓሣ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ተበትኖ የነበረው ዓሣ አንድ ቦታ ከታጎረ አጥማጁ ባንድ ቀን ያነሣዋል። ስለዚህ ከሰመጠች አይቀር ማጥመድ ይከልከልባት። ላየንፊሽ የተባለው ከሌላ ባሕር የመጣ ወራሪ ዓሣም እንዲህ ያለ ብረት ላይ ይበዛል፤ እሱን የሚለቅም ሰውና በጀት ከአሁኑ ይያዝ።

ሳሚ፦
ማህሌት፣ ዴስቲን እኮ በማጥመጃ ጀልባ የምትኖር ከተማ ናት። ካውንቲው ገንዘቡን የሚያወጣው ጠላቂም አጥማጅም ይመጣልኛል ብሎ ነው። ማጥመድ ከተከለከለ ግማሹ ደንበኛ ሄደ ማለት ነው።

ማህሌት፦
ይሂድ። ከፍሎ ለሚመጣው ጠላቂ የሚታይ ዓሣ ከሌለ እሱስ ለምን ይመጣል?

ሄለን፦
እዚህ ላይ ከማህሌት ጋር ነኝ። ቢኒያም፣ አንተም አንድ ነገር በለኝ። የኤሌክትሪክ ገመዱ በሙሉ ተነቅሎ፣ ዓሣው በየዓመቱ ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ ቢለጠፍ ትስማማለህ?

ቢኒያም፦
ገመዱ በሙሉ ከተነቀለ፣ አዎ። «አብዛኛው ተነቅሏል» ከተባለ ግን አልስማማም። ኦሪስካኒም ላይ ያሉት ይህንኑ ነበር።