ኮምፒውተሬ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኬን ሊያውቀው አልቻለም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኬን ላፕቶፑ ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ 10 የዩኤስቢ ዕቃውን እንዳላወቀው ይገልጻል። ዲቫይስ ማኔጀር (የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥም የዲስክሪፕተር ጥያቄ እንዳልተሳካ ከሚገልጽ ጽሑፍና ከኮድ 43 ጋር ይታያል። በዚያው ፖርት ላይ ማውዝ ያለ ችግር ስለሚሠራ የተበላሸው ዲስኩ ነው ብዬ ሰግቻለሁ። የአምስት ዓመት የምርምር ሥራዬ በውስጡ አለ፣ ሌላ ቅጂም የለኝም። ፎርማት ሳላደርገው ምን ልሞክር?

መልስ 1

ፎርማት አለማድረግዎ ትክክል ነው፤ በዚህ ውሳኔ ይጽኑ። ኮምፒውተር አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካበት በቅድሚያ ማንነቱን ይጠይቃል፣ ዕቃውም የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር የያዘ መግለጫ ይመልሳል፤ ዲስክሪፕተር የሚባለው ይህ ነው። የእርስዎ ዲስክ የቀረው በዚህ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፋይሎችዎን ለማየት ገና አልደረሰም፣ መልእክቱም ስለ ፋይሎቹ ደህንነት የሚናገረው ነገር የለም።

ማውዙ መሥራቱ ፖርቱ ለዲስኩ ይበቃል ማለት አይደለም። ማውዝ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ሀርድ ዲስክ ግን በውስጡ ያለው ሳህን መሽከርከር በሚጀምርበት ቅጽበት ብዙ ኃይል ይስባል። በደረጃው መሠረት አንድ ዕቃ ከዩኤስቢ 2.0 ፖርት መውሰድ የሚችለው እስከ 500፣ ከዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ነው፤ ያረጀ ወይም የረዘመ ኬብል ከዚህም ላይ ይቀንሳል። ትንሿን መብራት ለማብራት የሚበቃ ኃይል ሞተሩን ላያንቀሳቅስ ይችላል። ስለዚህ ሀብም (ፖርት ማብዣ) ሆነ ማራዘሚያ ሳያስገቡ ዲስኩን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙት፣ ቀጥሎም በሌላ አጭር ኬብል፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት። እኔ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ችግሮች አብዛኞቹ ኬብል ሲለወጥ የተፈቱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ጆሮዎን ወደ ዲስኩ አስጠግተው ያዳምጡ። እየተደጋገመ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወዲያውኑ ይንቀሉት፣ ደግመውም አይሰኩት፤ ያ የውስጥ አካል ብልሽት ምልክት ሊሆን ስለሚችል የመረጃ ማዳን ባለሙያ ብቻ ቢነካው ይሻላል።

መልስ 2

ኬብሉ ካልፈታው፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያንን ያልታወቀ ዕቃ አንኢንስቶል ካደረጉ በኋላ ዲስኩን ነቅለው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉት። ሻት ዳውን አድርጎ መክፈት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ዊንዶውስ 10 ፋስት ስታርትአፕ (በፍጥነት የመክፈቻ ዘዴው) ሲበራለት የሥርዓቱን ሁኔታ አስቀምጦ ስለሚዘጋ ስህተቱም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ዲስኩን መልሰው ሲሰኩት ድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) በራሱ ይጫናል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መጥፎ ድምፅ የለውም። አጭር ኬብል ስጠቀም የስህተቱ መልእክት ጠፋ፤ ሆኖም ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ዲስኩ አሁንም አይታይም። ዲስክ ማኔጅመንትን (የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ) ስከፍት መጠኑና ኤንቲኤፍኤስ የሚለው የፋይል ሥርዓት ስም ይታያሉ፣ የድራይቭ ፊደል (እንደ D: ያለ መለያ) ግን የለውም።

መልስ 1

ይህ መልካም ዜና ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚለው መታየቱ ዊንዶውስ የፋይል ሥርዓቱን ማንበብ መቻሉን ያመለክታል፤ በምትኩ ሮው (የፋይል ሥርዓቱ አልታወቀም ማለት ነው) የሚል ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይነኩ እንዲያቆሙ እመክርዎ ነበር። ክፍልፋዩን (ኤንቲኤፍኤስ የሚልበትን የዲስኩን ክፍል) በቀኝ ክሊክ ነክተው የድራይቭ ፊደል መለወጫውን ይምረጡና ሌላ ድራይቭም ሆነ የኔትወርክ ፎልደር ያልያዘውን ፊደል ይስጡት። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ፎርማት የሚለውም ስለሚገኝ እባክዎ ከመጫንዎ በፊት ደግመው ያንብቡ።

ጠያቂው

ፊደሉን እንደሰጠሁት ተከፈተ፣ ጽሑፎቼም ሁሉ በቦታቸው አሉ። አሁን ወደ ሌላ ዲስክ በመገልበጥ ላይ ነኝ።